ለጀማሪ ቤተሰብ የሚሆን የኮሎራዶ ስኪ ሪዞርት እንዴት ይመረጣል?

የኅዳር ወር በገባ ቁጥር ከቨርጂኒያ፣ ከሜሪላንድና ከቴክሳስ የሚደውሉ ዘመዶችና ወዳጆች፣ «እናንተ ተራራው ሥር ነው የምትኖሩት፤ ልጆቹን ይዘን ስኪ ልንወጣ አስበናልና የትኛው ሪዞርት ይሻለናል?» ብለው ይጠይቁኛል። ብዙዎቹ የሚደውሉት ቬይል ወይም አስፐን የሚለውን ስም አስቀድመው ይዘው ስለሆነ፣ ከእኔ የሚፈልጉት ምክር ሳይሆን ማረጋገጫ ነው። እኔ ግን መልሼ እጠይቃቸዋለሁ። ከመካከላችሁ ስኪ አድርጎ፣ ማለትም በረዶ ላይ ቁልቁል ተንሸራቶ፣ የማያውቀው ማን ነው? ዕድሜውስ ስንት ነው? በረዶ ላይ መኪና የሚነዳውስ ማን ነው? የሪዞርት ምርጫ መጀመር ያለበት ከነዚህ ጥያቄዎች ይመስለኛል። ከቤተሰቡ ሁሉ ጀማሪ ለሆነው ሰው የሚመች ተራራ ለሌሎቹም አይከፋም፤ ለጎበዙ ብቻ የተመረጠ ተራራ ግን ጎበዙን ራሱን ቀኑን ሙሉ የወደቀ ሲያነሳ ያውለዋል።

የምኖረው ከዴንቨር ጋር በተያያዘችው በኦሮራ ስለሆነ የምጽፈውም ስለ ኮሎራዶ ብቻ ነው። ከዴንቨር ተነስቶ በአይ 70 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ ሎቭላንድን ያገኛል፤ ከዚያም 2.7 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የአይዘንሃወር ዋሻ አልፎ ወደ ኪስቶን፣ ብሬክንሪጅና ኮፐር ማውንቴን መገንጠያዎች ይደርሳል፤ እነዚህንም ካለፈ በኋላ የቬይልን መተላለፊያ ተሻግሮ ቬይል ይገባል። ዊንተር ፓርክ ግን ከዚህ መስመር ተገንጥሎ በሌላ መንገድ የሚደረስበት ነው። አስፐን በክረምት በመኪና ከአራት ሰዓት የማያንስ ጉዞ ስለሚጠይቅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅ ይዞ ለሚወጣ ሰው በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አላስገባውም።

ስለ ተራራ ስፋት የሚነገረው ነገር ጀማሪን ከሚያሳስቱት ነገሮች ዋነኛው ነው። ቬይል ከ2,000 ሄክታር በላይ የሚሸፍን ግዙፍ ተራራ ነው፤ የታወቀበትም ከጀርባው የተዘረጋው ሰፊና ክፍት ሸለቆ ነው። ይሁን እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ስኪ ያጠለቀ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ የሚረግጠው መሬት ከአንድ የእግር ኳስ ሜዳ እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ከስፋቱ ይልቅ መጠየቅ ያለበት ለጀማሪ የተመደበው ቦታ በተራራው ላይ የት እንደሚገኝ ነው። ሪዞርቶች በአሜሪካ ቀላሉን መውረጃ በአረንጓዴ ክብ፣ መካከለኛውን በሰማያዊ ካሬ፣ ከባዱን በጥቁር ዳይመንድ ይለያሉ፤ ሁለት ጥቁር ዳይመንድ ደግሞ የከፋውን ያመለክታል። ይህ ምልክት የሚሰጠው እያንዳንዱ መውረጃ በዚያው ተራራ ካሉት ጋር ተነጻጽሮ ስለሆነ፣ የአንዱ ሪዞርት ሰማያዊ ከሌላው ሪዞርት ሰማያዊ ጋር እኩል ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ከአውሮፓ የሚመጡ ወዳጆችም በሰማያዊና በጥቁር መካከል የለመዱትን ቀይ እዚህ እንደማያገኙት ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል።

ካርታውን ስትመለከቱ አረንጓዴዎቹ መስመሮች ስንት እንደሆኑ ከመቁጠር ይልቅ አንድ ላይ ተሰብስበው እንደሆነ ወይም በሰማያዊና በጥቁር መስመሮች መካከል ተበታትነው እንደሆነ ተመልከቱ። በዚህ ረገድ ኮፐር ማውንቴን የተፈጥሮ ዕድል አለው፤ የተራራው ምዕራባዊ ጎን ለዘብ ያለ፣ መካከሉ መጠነኛ፣ ምሥራቃዊ ጎኑ ደግሞ ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ጀማሪው በምዕራብ በኩል ሲማር በኃይለኛ ፍጥነት የሚወርድ ሰው በአጠገቡ አያልፍበትም። ኪስቶን ከዚህ የተለየ ነው። እዚያ ጀማሪዎች የሚለማመዱበት አንዱ ቦታ በጎንዶላ (በገመድ ላይ በሚሄድ ዝግ ክፍል) ተወጥቶ በተራራው አናት ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ከዚያ እስከ ታች የሚወርደው «ስኩልማርም» የተባለው አረንጓዴ መስመር አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አንድ ቀን ተምሮ ቆሞ መውረድ ለቻለ ሰው ይህ እጅግ ደስ የሚል ጉዞ ነው፤ ገና መቆም ያልቻለ ሰው ግን በድካሙ መካከል ማቋረጥ ስለማይችል ጎንዶላውን ይዞ ቢመለስ ይሻለዋል።

ለመጀመሪያው ቀን ያለ ማመንታት የምመክረው ሎቭላንድን ነው። ከዴንቨር 85 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከዋሻው በፊት ስለሚገኝም ከዋሻው ወዲያ የሚፈጠረው መጨናነቅ አይነካውም። ሎቭላንድ ቫሊ የሚባለው ክፍል ከዋናው ተራራ የተለየ የጀማሪዎች ሰፈር ነው። መኪናውን በነጻ አቁሞ ጥቂት እርምጃ የተራመደ ሰው መለማመጃው ላይ ይደርሳል፤ ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው የአራት ሰው ስኪ፣ ዱላና ሄልሜት ተሸክሞ፣ በማይታጠፈው የፕላስቲክ ጫማ በረዶ ላይ ተራምዶ ለማያውቅ ሰው ብቻ ነው። መለማመጃው ላይ ሕፃናቱ በወንበር ሊፍት (በገመድ ተንጠልጥሎ ሰውን ሽቅብ በሚወስደው ወንበር) ፈንታ እንደ ምንጣፍ መሬት ላይ በተዘረጋው ተንቀሳቃሽ ጎማ ላይ ይቆማሉ። ጎማው ቀስ እያለ ሽቅብ ይወስዳቸዋል፤ አስተማሪው ከላይ ሆኖ የስኪያቸውን ጫፍ አገጣጥመው ተረከዙን እንዲከፍቱ በእጁ እያሳየ ይቀበላቸዋል። የአምስት ዓመት ልጅ በዚያ ቅርጽ ፍጥነቱን መግታት ከቻለ የቀኑ ትምህርት ተሳክቷል ማለት ነው። ወላጆች ግን ብዙ ጊዜ በዚህ አይረኩም፤ ልጁ ከሰዓት በኋላ ወንበር ሊፍት ላይ ካልወጣ ገንዘባቸው የባከነ ይመስላቸዋል።

ሎቭላንድ ሁለት ጉድለቶች አሉት። በሥፍራው የሚታደርበት ሆቴል የለም፤ ከፍታውም ቀላል አይደለም። ከሥሩ ያለው የመኪና ማቆሚያ 3,290 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ከመንዝ ጓሳ ጋር የሚቀራረብ ከፍታ ነው።

ስለ ከፍታ ጥቂት ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም ሪዞርት ሲመረጥ ከዋጋ ቀጥሎ ሊታሰብ የሚገባው እሱ ሆኖ ሳለ ማንም አያነሳውም። የቬይል መንደር ከፍታ በግምት ከደሴ ጋር ይስተካከላል፤ የብሬክንሪጅ ከተማ 2,926 ሜትር ላይ ስለሆነች ከደብረ ብርሃን ትበልጣለች፤ በብሬክንሪጅ ተራራ ላይ ያለው «ኢምፔሪያል» የተባለው ወንበር ሊፍት ደግሞ ሰውን እስከ 3,914 ሜትር ያደርሳል። ሰው ከ2,500 ሜትር በላይ በአንድ ቀን ሲወጣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊያገኘው ይችላል። ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ከማትለው ዋሽንግተን ዲሲ በጠዋት ተነስቶ ማታ ብሬክንሪጅ የሚያድር ቤተሰብ የመጀመሪያውን ሌሊት በሰላም ላይተኛ ይችላል። «እኛ የደጋ ልጆች ነን፤ ከፍታ አይነካንም» የሚል መልስ በተደጋጋሚ እሰማለሁ፤ ነገር ግን ከሃያ ዓመት በላይ ቆላ የኖረ ሰውነት የልጅነት አየሩን እንደያዘ አይቆይም። እንዲያውም በቀጥታ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የሚመጡ እናቶች ከቨርጂኒያ ልጆቻቸው ይልቅ በደህና እንደሚተነፍሱ አይቻለሁ።

ስለዚህ ከሩቅ ለሚመጡ ሰዎች የምለው አንድ ነው፤ የመጀመሪያውን ሌሊት 1,600 ሜትር ላይ ባለችው ዴንቨር እደሩ፤ ብዙ ውኃ ጠጡ፤ አልኮሉን ለሌላ ቀን አቆዩት። ማደሪያ ስትመርጡም የተራራው ጫፍ ሳይሆን የመኝታ ቤቱ ከፍታ ይበልጥ እንደሚያስጨንቅ አስቡ። ሕመሙ ከበረታ፣ በተለይም ሰውየው ዐርፎ ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው፣ መድኃኒቱ ሳይዘገዩ ወደ ታች መውረድና ሐኪም ማየት ነው።

መንገዱ ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። አይ 70 በቅዳሜ ማለዳ ወደ ላይ፣ በእሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ታች የሚጨናነቅ ሲሆን፣ በረዶ በሚጥልበት ቀን ሁለት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ጉዞ እጥፍ ቢሆን አያስገርምም። የኮሎራዶ ሕግ በአውሮፓ አቆጣጠር ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ድረስ፣ በዚህ የተራራ መስመር የሚያልፍ መኪና ለበረዶ የሚሆን በቂ ጥርስ ያለው ጎማ እንዲኖረው ወይም ሰንሰለት እንዲይዝ ያስገድዳል። ከአየር ማረፊያ የሚከራዩ መኪኖች ሁሉ እንዲህ ዓይነት ጎማ አላቸው ማለት ስላልሆነ፣ ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ጎማውን ራሳችሁ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። በአራቱም ጎማዎቹ የሚነዳ መኪና ለመነሳት እንጂ ለመቆም እንደማይረዳም ልብ በሉ።

በረዶ ላይ ነድቶ የማያውቅ ሰው ካለ ለእሱ የሚሆነው ዊንተር ፓርክ ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው 3,446 ሜትር ከፍታ ያለውንና ጠመዝማዛውን የበርተድ መተላለፊያ መሻገር አለበት። ይሁንና በስኪ ወቅት ከዴንቨር ዩኒየን ጣቢያ የሚነሳው የአምትራክ ባቡር በ1928 የተከፈተውን የሞፋት ዋሻ አልፎ በሁለት ሰዓት ገደማ ሪዞርቱ ደጃፍ ላይ ያወርዳል። ባቡሩ በየቀኑ ስለማይሄድ ቀኑን አስቀድሞ ማየትና መቀመጫውን ቀደም ብሎ መያዝ ያስፈልጋል። ዊንተር ፓርክ በ1940 ሥራ የጀመረና መሬቱ እስካሁን የዴንቨር ከተማ ንብረት የሆነ ተራራ ነው፤ አካል ጉዳተኞችን ስኪ በማስተማርም ከ1970 ጀምሮ የታወቀ ማዕከል አለው። በቤተሰቡ ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ወይም የማየት ችግር ያለበት ሰው ካለ ሌላ ቦታ ከማማረጥ በፊት ወደዚያ መደወል ተገቢ ነው። ከባቡሩ ሌላ የክልሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በክረምት ቅዳሜና እሑድ ከዴንቨር ወደተወሰኑ ሪዞርቶች የሚልከው «ስኖውስታንግ» የተባለ አውቶቡስ አለ።

ስለ ገንዘብ ስንነጋገር መታወቅ ያለበት ነገር ቢኖር የስኪ ቲኬት በመስኮት የሚገዛ ዕቃ አለመሆኑ ነው። ቬይል በበዓል ሰሞን ለአንድ ቀን ለአንድ አዋቂ ከ300 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ይህን ያህል ዋጋ የተተመነው ሰው ሁሉ ቀደም ብሎ ፓስ፣ ማለትም ለብዙ ቀን የሚያገለግል ቲኬት፣ እንዲገዛ ለመግፋት ነው። ፓሶቹ በዋናነት ሁለት ናቸው፤ ቬይልን፣ ብሬክንሪጅንና ኪስቶንን የሚያካትተው «ኤፒክ» እና ዊንተር ፓርክንና ኮፐርን የሚያካትተው «አይኮን» ናቸው። ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚሆኑ ርካሽ ዓይነቶችም አሏቸው፤ ሽያጫቸው ግን የሚዘጋው ክረምቱ ገና ሲጀምር፣ በዲሴምበር ወር መጀመሪያ አካባቢ ነው። ሎቭላንድ በሁለቱም ውስጥ የለም፤ የራሱን ቲኬት በተሻለ ዋጋ ይሸጣል። ለጀማሪ ግን ከፓስም ይልቅ ትምህርቱን፣ የዕቃ ኪራዩንና ለጀማሪ ሊፍቶች ብቻ የሚያገለግለውን ቲኬት በአንድ ላይ አድርጎ የሚሸጠው ጥቅል ይረክሳል። ኪስቶን ሁለት ሌሊትና ከዚያ በላይ በራሱ በኩል ቦታ ይዞ ለሚያድር ቤተሰብ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆችን በነጻ የማስገባት የቆየ ልማድ ስላለው፣ ሦስትና አራት ልጆች ላሉት ሰው ሒሳቡን ሙሉ በሙሉ ይቀይረዋል።

ወዳጆቼ ባሎቻቸውን ወይም ሚስቶቻቸውን ራሳቸው ለማስተማር ሲነሱ ዝም ብዬ አልመለከትም። ለትምህርት የሚከፈለው ገንዘብ ከሁሉም ወጪ ይበልጥ የሚክስ ነው፤ ቤተ ዘመድ የቤተ ዘመድን ትእዛዝ ቁልቁለት ላይ ሆኖ አይሰማምና።

ጊዜን በተመለከተ የእኛ የዘመን አቆጣጠር ያልተጠበቀ ጥቅም ያስገኛል። የማደሪያ ዋጋ ጣሪያ የሚነካው ከፈረንጆች ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ባለው ሳምንት ነው፤ የእኛ ገና በሚከበርበት ሰሞን ሆቴሎቹ ይራገፋሉ፤ ሊፍቱም ረድፍ አይኖረውም። የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ የሚውልበት ረጅም ቅዳሜና እሑድ ግን ከጥምቀት ጋር የሚቀራረብና እጅግ የሚጨናነቅ በመሆኑ ቢታለፍ መልካም ነው፤ በእነዚህ ቀናት የማያገለግሉ ርካሽ ፓሶችም አሉ። ከታኅሣሥ አጋማሽ በፊት ብዙ መውረጃዎች ገና ያልተከፈቱ፣ የተከፈቱትም በመሣሪያ በተሠራ በረዶ የተሸፈኑና የተጨናነቁ ናቸው። በማርች ወር ግን በኮሎራዶ ተራሮች ላይ በረዶው ብዙ፣ ቀኑ ረጅም፣ ብርዱም የላላ ስለሆነ ለጀማሪ ከዚያ የሚመች ወር የለም ብዬ አስባለሁ።

እዚህ ላይ የጾሙ ጉዳይ ይመጣል። ማርች ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል፤ ዲሴምበር ደግሞ የነቢያት ጾም ነው። በተራራው ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች የሚሸጡት በርገር፣ ፒዛና ሥጋ የገባበት ቺሊ ስለሆነ፣ የሚጾም ሰው የተጠበሰ ድንች እየበላ ከመዋል በቀር ብዙ ምርጫ የለውም፤ ዋጋውም ያናድዳል። የሚጾም ቤተሰብ ከገና እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለውን የፍስክ ጊዜ ቢመርጥ፣ ይህ ካልተቻለም ከሆቴል ይልቅ ወጥ ቤት ያለው ኮንዶ ቢከራይ ይሻለዋል። እንጀራውን ከኦሮራ የሐበሻ መደብሮች ገዝቶ መውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ብሬክንሪጅ ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምስርና ሽንብራ ለመብሰል እንደሚዘገዩ ታስቦ ወጡ ዴንቨር ተሠርቶ ቢሄድ ይመረጣል።

ስኪ የማያደርጉትም መታሰብ አለባቸው። አያት አብረው ካሉ ብሬክንሪጅ ከሌሎቹ ትሻላለች፤ በ1859 በወርቅ ፈላጊዎች የተቆረቆረች እውነተኛ ከተማ በመሆኗ ሱቁም፣ ቡና ቤቱም፣ ነጻ ጎንዶላውም በቅርብ ይገኛሉ። ቁልቁለት የሚያስፈራው ነገር ግን እግሩ ብርቱ የሆነ ሰው ደግሞ በብሬክንሪጅና በፍሪስኮ ያሉትን የኖርዲክ ስኪ ማዕከላት ይሞክር፤ በጠፍጣፋ ዱካ ላይ በራስ ጉልበት የሚኬድበት ይህ ስኪ በዋጋም ዝቅ ያለ ነው። ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የወከለው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ የተወዳደረው በዚሁ ዓይነት ነበር። ሲመለሱ ደግሞ በመንገዳቸው ላይ በምትገኘው በአይዳሆ ስፕሪንግስ ፍል ውኃ አለ፤ የሐበሻ አያት ይህን ከሰማች ስለ ተራራው ሌላ ጥያቄ አትጠይቅም።

ልብስና ዕቃን በተመለከተ ጥቂት ልበል። ጂንስ እርጥበት ስለሚይዝ አይሆንም። ዕቃውን ዴንቨር ውስጥ ከሚከራዩ ሱቆች መውሰድ ከተራራው ሥር ከመከራየት ይረክሳል። ጫማው ቀጥ ብሎ ሲቆሙ ጣት ጫፉን የሚነካ፣ ጉልበት ሲታጠፍ ደግሞ ጣቱ ትንሽ ወደ ኋላ የሚመለስበት መሆን አለበት፤ ውስጡም ከአንድ ቀጭን ካልሲ በላይ አይደረግም። «ሰፋ ያለው ይመቸኛል» የሚል ሰው እኩለ ቀን ሳይሆን ሲያነክስ ይታያል። በረዶ የፀሐይን ጨረር እንደ መስታወት ስለሚመልስ የዓይን መነጽርና የፊት ቅባት ለጥቁር ቆዳም የግድ ነው።

እንግዲህ ከቨርጂኒያ ለሚደውሉት አብዛኛውን ጊዜ የምሰጠው ሐሳብ ይህ ነው። አንድ ሌሊት ዴንቨር አድራችሁ፣ በሥራ ቀን ሎቭላንድ ቫሊ ላይ ትምህርት ውሰዱ። ልጆቹ ከወደዱት፣ ትልልቆቹም መቆም ከቻሉ፣ ለሁለት ሌሊት ኪስቶን ወይም ኮፐር ሂዱ፤ ብዙ ልጅ ካላችሁ ኪስቶን፣ ከመካከላችሁ ጎበዝና ጀማሪ የተቀላቀላችሁ ከሆነ ኮፐር ይሁንላችሁ። መንዳት የሚፈራ ሰው ካለ ሁሉንም ትታችሁ የዊንተር ፓርክን ባቡር ያዙ። ቬይል ልጆቹ ሰማያዊውን መስመር ሳይወድቁ በሚወርዱበት ዓመት ቢጎበኝ ለገንዘቡ ይበቃል። የትኛውንም ብትመርጡ ማደሪያውን ስትይዙ እስከ መቼ ድረስ ሳይከፈልበት መሰረዝ እንደሚቻል በጽሑፍ አረጋግጡ፤ የዋሻው መንገድ በበረዶ ማዕበል ምክንያት ለሰዓታት የሚዘጋበት ቀን አለና። በቅዳሜ የምትወጡ ከሆነም ከኦሮራ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ተነሱ።